ካሜራ ያላየው ንግሥና

የካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ካሳ ኃይሉ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ሲጭኑ ፎቶግራፍ ያነሳ ሰው አልነበረም። ለታሪክ ጸሐፊ ይህ በአንድ መስመር የሚታለፍ ነገር ይሆናል። እኔ ግን ደባርቅ ውስጥ ፎቶ ቤት ያለኝ ሰው ነኝ። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምረቃና ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፤ የወረዳ ስብሰባና በዓል ሲኖርም እጠራለሁ። ደረስጌ ደግሞ ከተራራው ማዶ፣ ጃናሞራ ውስጥ፣ የእኛው አገር ነው። በዚህ ምድር ከተፈጸሙት የመንግሥት ሥርዓቶች ትልቁ አንድም ምስል እንደሌለው ባሰብኩ ቁጥር ይቆጨኛል።

ቤተ ክርስቲያኗ ስትሠራ ለቴዎድሮስ አልታሰበችም። ያሠሯት የስሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው። ሥራውን የመራላቸው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር ነበር፤ ሠዓሊው ኤድዋርድ ዛንደርም በእሳቸው ቤት ያደረ ሰው ነው። ውቤ እዚያው ተቀብተው ንጉሠ ነገሥት ሊሆኑ አስበው ነበር። የሚቀባቸውን ጳጳስ ያስመጡትም ራሳቸው ናቸው፤ ግብጽ ድረስ መልእክተኛ ልከው፣ ገንዘብ ከፍለው አቡነ ሰላማን አስመጡ። ሁሉ ነገር ከተሰናዳ በኋላ ግን ከቋራ የተነሡት ካሳ መጡ። እዚያው ደረስጌ ላይ ጦርነት ሆነ፣ ውቤ ተማረኩ። ቀናት ሳይቆጠሩ ካሳ፣ ውቤ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤ ባስመጡት ጳጳስ እጅ ተቀቡ።

የካቲት በእኛ አገር በጋ ነው። ሰማዩ ይጠራል፤ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ከፍ ስትል ደግሞ በሰው ዓይን ላይ ጥቁር ጥላ ትጥላለች፣ ዘውድ የደፋ ሰው ቢሆን ጥላው ይብሳል። እኔ ብሆን በጥዋት ምዕራብ በር ፊት ለፊት እቆም ነበር። ከዚያ በር የሚወጣ ሰው ፊቱ በሕንጻው ጥላ ውስጥ ስለሚሆን ብርሃኑ ለስላሳ ነው፤ ዓይንም፣ ጉንጭም፣ የጸጉር ሹሩባም ይታያል። ንጉሡን ካነሳሁ በኋላ ካሜራዬን ወደ ተማረኩት ሰዎች አዞር ነበር። ከዚያም ወደ ካህናቱ። ትናንት ለአንዱ ሲጸልዩ ዛሬ ለሌላው የዘመሩ ካህናት ፊታቸው ምን ይመስል እንደነበር ማየት እፈልጋለሁ።

ይህ ምኞት ለዘመኑ የማይሆን አልነበረም። ፎቶግራፍ ፓሪስ ላይ ለዓለም ከታወጀ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። እንዲያውም ቴዎድሮስ በተቀቡበት በዚያው ወር ሮጀር ፌንተን የሚባል እንግሊዛዊ የክሪሚያን ጦርነት ሊያነሳ ከለንደን በመርከብ ተነሣ። ከአንድ የወይን ጠጅ ነጋዴ የገዛውን ጋሪ ጨለማ ክፍል አድርጎ ይዞ ሄዷል። አንዱ ጦር ሜዳ ካሜራ ደረሰው፤ ሌላው ጦር ሜዳ አልደረሰውም። ከእኛ ዘንድ የቀረው የመነኮሳትና የደብተራዎች ጽሑፍ፣ የተጓዦች ማስታወሻና ከአባት ለልጅ የተነገረ ወሬ ነው።

ቴዎድሮስ በነገሡባቸው 13 ዓመታት ካሜራ ያያቸው መሆኑን የሚያረጋግጥ ምስል የለም። ፊታቸውን በቅርብ አይተው ከሣሉት አንዱ፣ ከብሪቲሽ ሙዚየም ተልኮ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆልምስ ነው። የሣላቸውም መቅደላ ላይ፣ ሚያዝያ 1860፣ ሽጉጣቸውን ጠጥተው ከሞቱ በኋላ ነው። ሰዎች ወደ ፎቶ ቤቴ መጥተው «የቴዎድሮስን ፎቶ በትልቁ አትምልኝ» ይሉኛል። ስልካቸው ላይ የሚያሳዩኝ ሹሩባ የተሠሩ፣ ዓይናቸው የሚያስፈራ ንጉሥ ኋላ የመጡ ሠዓልያን በልባቸው ያዩት ነው። አትምላቸዋለሁ፤ ሠዓሊ የሣለው እንደሆነም እነግራቸዋለሁ። ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። አንድ ሽማግሌ ግን «እንግዲያስ ፊቱን የሚያውቅ ሞቷላ!» ብለው ወንበሬ ላይ ቁጭ አሉና ብዙ ቆዩ።

የስሜን ቤት ካሜራ ፊት የቀረበው በምርኮ ነው። የውቤ ልጅ ጥሩወርቅ የቴዎድሮስ ሚስት ሆና ዓለማየሁን ወለደች። ስለዚህ ልዑል ዓለማየሁ በእናቱ በኩል የእኛው አገር ልጅ ነው፤ አያቱ ደረስጌን ያሠሩት ሰው ናቸው። መቅደላ ከወደቀ በኋላ እናትና ልጅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ጉዞ ጀመሩ። ጥሩወርቅ ትግራይ እንደደረሰች ሞታ ጨለቆት ሥላሴ ተቀበረች። ልጁ ብቻውን ቀጠለ። የሰባት ዓመት ልጅ ነበር።

ያ ጦር ፎቶ አንሺዎች ነበሩት። መስተዋት ላይ መድኃኒት ቀብተው፣ ሳይደርቅ አንስተው፣ ሳይደርቅ ደግሞ ማጠብ ነበረባቸው። ዕቃው፣ ድንኳኑና የመድኃኒቱ ጠርሙስ ሁሉ በከብት ተጭኖ ያንን ገደል መውጣቱን ሳስብ ለሙያው ሰዎች አክብሮት ይሰማኛል፤ የመጡበትን ጉዳይ ግን አልወደውም። ዓለማየሁ እንግሊዝ እንደገባ በዚያው ክረምት ዋይት ደሴት ላይ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባለው ስመ ጥር ፎቶ አንሺ አነሳችው፤ አብሮት እኛ ባሻ ፈለቀ የምንለው ካፒቴን ስፒዲ አለ። የካሜሮን አሠራር ታጋሽ ሰው ይፈልጋል። ሌንሱ ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ ይቆያል፤ ተነሺው መነቃነቅ የለበትም። እዚህ የሰባት ዓመት ልጅ ጉርድ ፎቶ ሳነሳ አንዲት ሰከንድ ጸጥ ለማሰኘት እናቱን ከጀርባዬ አቆማለሁ። ያ ልጅ ግን ጸጥ ብሎ ተቀምጧል። ከካሜራው ጀርባ የሚያየው እናት አልነበረውም።

የዓለማየሁን ፎቶ አትሜ በፎቶ ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ከሥሩም «የደጃዝማች ውቤ የልጅ ልጅ» ብዬ ጽፌያለሁ። በመጻሕፍት ሁልጊዜ የቴዎድሮስ ልጅ ተብሎ ስለሚጠራ የዳባትና የደባርቅ ተማሪዎች የዚህ ምድር ዘመድ መሆኑን አያውቁም። በ18 ዓመቱ ሊድስ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ።

ከዚያው ቤት በክብር ካሜራ ፊት የተቀመጡት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። አባታቸው ደጃዝማች ብጡል የውቤ ወንድም ነበሩ። በደረስጌ የተሸነፈው ቤት ከ35 ዓመት በኋላ፣ በ1882፣ እንጦጦ ላይ በጣይቱ በኩል ዘውድ አየ። በምኒልክ ዘመን ደግሞ ቤተ መንግሥቱ የራሱን ፎቶ አንሺ ያዘ። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን አዲስ አበባ ገብተው የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆኑ፤ ልጃቸው ሃይጋዝ ተተኩ፤ ሌላው ልጃቸው ቶኒ የሚባሉት ቶርኮም እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን መጨረሻ ቆዩ። ከምኒልክ እስከ 1966 ድረስ የንጉሥ ፊት እንዴት እንደሚታይ ያስተማረን የአንድ ቤተሰብ ዓይን ነው ማለት ይቻላል። በእኛ ሙያ እንዲህ ያለ ዕድል ያገኘ ሌላ ቤተሰብ አላውቅም።

የጥቅምት 23 ቀን 1923ን የንግሥ ፎቶዎች ብዙ ሰው ያውቃቸዋል። የእንግሊዙ ንጉሥ ልጅ የግሎስተር መስፍን መጥቷል፣ ፈረንሳይ ማርሻል ልካለች፣ የአሜሪካው ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት በዓመቱ ሰኔ ላይ በቀለም ጭምር አውጥቶታል። መኳንንቱ የአንበሳ ጎፈር ደፍተው ተሰልፈዋል። እኔ እነዚያን ፎቶዎች ሳይ የማስበው የሌለውን ሰው ነው። ከሰባት ወር በፊት፣ መጋቢት 22 ቀን 1922፣ የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ አንቺም ላይ ተገድለዋል። የጣይቱ ወንድም የራስ ወሌ ልጅ፣ የንግሥት ዘውዲቱ የቀድሞ ባል ነበሩ። አውሮፕላን ከላይ ቦምብ ጥሎባቸዋል። ዘውዲቱም በሁለተኛው ቀን አረፉ። ለዓለም የታየው ደማቅ ፎቶ ውስጥ የጎንደር ክፍለ አገር ሐዘን የት አለ? አንሺው ቢፈልግም ሊያሳየው አይችልም ነበር። ሥርዓቱ የተሰናዳው የሚታየው እንዲታይ ነውና።

ሙያውን ያስተማረኝ አጎቴ ነው። ልጅ ሆኖ ጎንደር ከአንድ ፎቶ ቤት ውኃ እየቀዳ፣ ወለል እየጠረገ ተምሮታል። በ1957 የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ከጃንሆይ ጋር ጎንደር ስትመጣ ከሕዝቡ መካከል ቆሞ አይቷል። ስለ ንግሥቲቱ ልብስ ጠይቄው አንድም ቀን መልስ አልሰጠኝም፤ አላየውም። ያየው ፎቶ አንሺዎቹን ነው። ወደ ኋላ እየሮጡ ያነሱ እንደነበር፣ አንዱም ድንጋይ መትቶት ሊወድቅ ሲል የጃንሆይ አጃቢ በክንዱ እንደያዘው እስኪሞት ድረስ ይተርከው ነበር። «ወደ ኋላ ስትሄድ መሬቱን በእግርህ አንብብ» ይለኝ ነበር። እኔም ዛሬ ሙሽራ ሳነሳ እንዲሁ ነኝ።

የጣሊያንን ዘመን በአጭሩ ልለፈው። ሊማሊሞን ቆርጠው መንገድ ያወጡት እነሱ ናቸው፤ ወልቀፊት ላይ መሽገውም እስከ መስከረም 1934 ድረስ ቆይተው እጃቸውን ሰጡ። ባንዲራቸውን የሚሰቅሉበትን፣ ባላባት እጅ የሚነሳበትን ሁሉ ያነሱ ነበር። እነዚያን ፎቶዎች በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል፤ እጅ የነሳው ሰው ለምን እንደነሳ ፎቶው አይናገርም። ከአንዳንዶቹ ዘሮች ጋር ጎረቤት ነኝና ከዚህ በላይ አልልም።

በደርግ ጊዜ የመሪው ምስል ራሱ የሥርዓቱ ተካፋይ ሆነ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ጳጉሜን 5 ቀን 1979 ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ታውጆ ፕሬዚዳንት ከመባላቸው በፊትም ሥዕላቸው በየሰልፉ ፊት ይሄድ ነበር። ደባርቅ ላልመጣ ሰው ሰልፍ ይወጣለታል፤ ሥዕሉን ሁለት ሰው በእንጨት ይዞ ይቆማል። አጎቴ እነዚያን ሰልፎች አንስቷል። ኔጋቲቩ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ እኔ ዘንድ አለ።

ከ1987 ወዲህ ያለው የፕሬዚዳንት ፎቶ ሌላ ዓይነት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 71 የፕሬዚዳንቱ ሥራ በአመዛኙ ሥርዓት መፈጸም ነው፤ የሁለቱን ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በዓመቱ መጀመሪያ ይከፍታል፣ የውጭ አገር አምባሳደሮችን የሹመት ደብዳቤ ይቀበላል፣ ኒሻን ይሸልማል፣ ይቅርታ ያደርጋል። ሥራው የሚታይ ሥራ ስለሆነ ፎቶው የሥራው ግማሽ ነው። የአምባሳደር ደብዳቤ ሲቀበሉ የተነሱትን ፎቶዎች ከነጋሶ ጊዳዳ እስከ ሳህለወርቅ ዘውዴ ደርድሮ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ፖስታው በሁለቱ ሰዎች እጅ መካከል ነው፤ ሁለቱም ለአፍታ ይቆሙና ፊታቸውን ወደ ካሜራው ያዞራሉ። ሰው ይለወጣል፣ ባንዲራው ላይ አርማ ይጨመራል፣ አቋቋሙ ግን ያው ነው። አብዛኛው የሚነሳው በብሔራዊ ቤተ መንግሥት ነው፤ ጃንሆይ በ1948 ለንግሥናቸው 25ኛ ዓመት ኢዮቤልዩ ባሠሩት ቤት። ጥቅምት 15 ቀን 2011 ሳህለወርቅ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ የተነሳው ፎቶ ከዚህ ሁሉ የተለየብኝ፣ ብዙ ሴት ልጆች ፎቶ ቤቴ መጥተው «እንደ እሷ ቆሜ አንሳኝ» ስላሉኝ ነው።

ከዚያ መስከረም 27 ቀን 2017፣ ሰኞ፣ መጣ። ታዬ አጽቀ ሥላሴ በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ፊት ቃለ መሐላ ፈጸሙ። የደባርቅ ተወላጅ ናቸው። ወሬው እዚህ የደረሰው በስልክ ነው፤ ፎቶውም አብሮ። እኔ ዘንድ የመጀመሪያው ሰው መጥቶ እንዳትምለት ሲጠይቀኝ ገና ማምሻው አልደረሰም። ደረስጌ ላይ ዘውድ ከተጫነ ወደ 170 ዓመት እየተጠጋ ነበር። ያኔ ንጉሡ በእኛ ምድር ተቀብቶ ፎቶ አልነበረም፤ አሁን የእኛ ምድር ልጅ አዲስ አበባ ላይ ሲምል የእጁ አያያዝ ሳይቀር በሺህ ስልክ ላይ አለ። በአንድ በኩል ደስ ብሎኛል፣ አልደብቀውም። ዘመኑ ለአካባቢያችን የመከራ ዘመን ስለሆነም ደስታው ሙሉ አልነበረም፤ አንዳንዱ ፎቶውን ወሰደ፣ አንዳንዱ ፊቱን አዞረ። ሁለቱም ምክንያት አላቸው።

ፎቶውን ሳትም ግን ሌላ ነገር ገረመኝ። የሚሹትን ሰው ፊት ብቻ እንድቆርጥላቸው የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። የቀረውን አውጣው ይሉኛል። ቤተ መንግሥትም፣ ጋዜጣም፣ እኛም ይህንኑ ስናደርግ ኖረናል። የቦያጂያኖቹን የቤተ መንግሥት ፎቶዎች ብታዩ ጥላ የያዘው፣ በቅሎ የሳበው፣ ጠመንጃ የተሸከመው አገልጋይ በግልጽ ይታያል፤ ስሙ ግን አልተጻፈም። ከፎቶ ሥር የሚጻፈው የትልቁ ሰው ስምና ቀኑ ነው። ካሜራው ለሁሉም እኩል ተከፍቷል፤ ስሙን የነፈገው ጽሑፉ ነው። የዚህ ሙያ ትልቁ ጉድለት ይህ ይመስለኛል፤ ጉድለቱ የሚታረመውም ሰዎቹን የሚያውቅ በሕይወት እያለ ብቻ ነው።

ይህን እንድል ያደረገኝ ጭና ነው። ነሐሴ 2013 መጨረሻ ላይ፣ በሰሜኑ ጦርነት፣ በዳባት ወረዳ ጭና ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ለተዝካር የሟች ፎቶ በትልቁ እንዲታተምላቸው የሚፈልጉ ቤተሰቦች መጡ። ብዙዎቹ የነበራቸው የቀበሌ መታወቂያ ላይ የተለጠፈው ጉርድ ፎቶ ብቻ ነበር፣ ያውም ማኅተሙ ግማሽ ፊት ላይ ያረፈ። ማኅተሙን ከጉንጭ ላይ በጥንቃቄ ማንሳት፣ የተላጠውን መሙላት ረጅም ሥራ ነው። አንዲት እናት ልጃቸውን በትልቁ ሲያዩት «ይህን ያህል ቀልቶ ነበር?» አሉኝ። ቀለሙን እንደገና አስተካከልኩት። ዘውድ የጫነ ሰው አንድ ቀን ውስጥ መቶ ጊዜ ይነሳል፤ እኒያ ልጆች በሕይወታቸው አንድ ጊዜ፣ ለመታወቂያ፣ ተነሥተው ነበር።

የአጎቴን የቆርቆሮ ሣጥን የከፈትኩት ከዚያ ወዲህ ነው። በውስጡ መሠረተ ትምህርት የተማሩ ሰዎች የምስክር ወረቀት ሲቀበሉ ያነሳው አለ። ዘመቻው በ1971 ተጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እዚህም ደርሷል። በፎቶው መካከል የሊቀ መንበር መንግሥቱ ሥዕል በእንጨት ተደግፎ ቆሟል። ከሥሩ አራት ሴቶች አሉ፤ ፈትል ለብሰዋል፣ ወረቀቱን በሁለት እጅ ይዘዋል። አንደኛዋ ወረቀቱን ወደ ካሜራው ሳይሆን ወደ ራሷ አዙራ እያነበበች ነው። አጎቴ ተጭኖ ያነሳው እሷ ቀና ከማለቷ በፊት ነው፤ ደግሞ እንዳያነሳ ፊልም ይቆጥብ ነበር። ለእኔ ከዚያ ሣጥን ሁሉ የሚበልጠው ፎቶ ይህ ነው።

ፎቶውን አትሜ ገበያ ቀን በፎቶ ቤቴ በር ላይ ለጠፍኩት። የሦስቱ ሴቶች ስም ተገኝቷል፤ ሁለቱ አርፈዋል፣ አንዷ ዳባት ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ፣ ሄጄ አይቻቸዋለሁ። ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ከነቀበሌያቸው ከጀርባው ጽፌያለሁ። የምታነበዋ ሴት ግን ገና ናት። ዳባት ያሉት እትዬ «እሷ የቆላ ሰው ናት፣ ባሏ ለሥራ መጥቶ ነው አብራው የተማረችው» ይላሉ። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ደግሞ አዲአርቃይ በኩል ፊቷን የምትመስል ልጅ እንዳየ ነገረኝ። አንድ ቅጂ ሰጥቼዋለሁ፤ ሊማሊሞን በወረደ ቁጥር ያሳያል። ከፋሲካ በኋላ እኔም አብሬው እወርዳለሁ።